ጋዜጣ አንጥፍ

«ጋዜጣ አንጥፍበት» ብላኝ ነበር ትርሲት፣
ከነስምንት ወር ሆዷ ተደግፋ መስኮት።
«ጋዜጣ ከየት ላምጣ? ስልክ አይነጠፍ» አልኳት፤
ሣቀች። ያን ሣቋን ነው እንደ ፈቃድ ያየሁት።

አልጋው ያገለገለ፣ በዐሥራ አምስት ዶላር፣
ጠርዙን የሌላ ልጅ ጥርስ ያኘከው ነበር።
ሁለት ጣሳ ገዛሁ፣ ቅጠልማ አረንጓዴ፤
ስነቀንቀው ጠጠሯ ተንኳኳች እስከ ሆዴ።
ፍስስስ።
ሥራ እንዲህ የሚቀል መቼ አይቼ ዐውቃለሁ?
እጄ ላይ ደመና ነው፣ እንደ ልቤ እነዳለሁ።

ሳስካቱን በሰኔ ፀሐይ ቶሎ አትገባም፤
ሦስት ሰዓት ሆነ እንጂ ሰማዩ አልጠቆረም።
ቀለሙ ደረቀና ልገባ ስነሣ፣
አንድ አልጋ እጄ ላይ፣ አንድ ደጄ ላይ፤ የቱን ላንሣ?
እግሮቹ የቆሙበት አራት ነጭ ሳንቲም፣
ርብራቡ ሳይቀር፤ ዙሪያው አረንጓዴ ጉም።
ጥላ ነው እንዳልል ጥላማ ይሄዳል፤
ይሄ ፀሐይ ገብታም እዚያው ተጋድሟል።

ቤቱ የኪራይ ነው፤ የአቶ ኦስታፕቹክ፣
ሲናገር የማይጮህ፣ ሲቆጣም የማይታወክ።
ጠዋት መጣ፤ ቆመ፤ ባርኔጣ አወለቀ፣
ዞረው፣ ደግሞ ዞረው፣ በጫማው ጫፍ ፋቀ።
«እስከ ቅዳሜ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ቅዳሜ ሦስት ቀን ነው። ቀለም ቀን አይቆጥርም።

ሳሙና ሞከርኩበት። ቀለሙ ታጠበ፤
ታጥቦም ይበልጥ አማረ፣ ይበልጥ ተዋበ።
በሽቦ ብሩሽ ደግሞ ተንበርክኬ ዋልኩኝ፤
ጎረቤቴ ዶሪን የምጸልይ መስሏት ድምፅ ቀንሳ ሰላም አለችኝ።
ቲነር አፈሰስኩበት። እሱስ መልስ ሰጠ፤
ደነገጠ፣ ለቀቀ፣ ፈሰሰ፣ ቀለጠ፤
ቀልጦም ወደ ታች ገባ፤ የሲሚንቶውን ቀዳዳ
አንድ ሳያጎል ያዘው፣ በየክፍሉ፣ በየጓዳ።
«ጎበዝ ተከራይ ነው» አለች ትርሲት በመስኮት፤
«ውጣ ሲሉት ይገባል። እኛም እንማርበት።»

ዐርብ ማሽን ተከራየሁ፣ ውሃ በግፊት የሚተፋ፣
እስከ ዐሥር ሰዓት ብቻ፤ ካለፈ ሒሳቡ የሚሰፋ።
ስስበው አጓራ፤ እኔን ይዞኝ ሄደ፤
አረንጓዴው ጉም ተላጠ፣ እንደ ልጥ ወረደ።
ጮኽኩ። «ትርሲት፣ ነይ እዪ! ለቀቀ! ለቀቀ!»
መጣች። አየች። ዝም አለች። ልቤ ወደቀ።

ቀለሙ የለም፣ እውነት ነው። ጠብታም አልተረፈ።
ግን አብሮት የሠላሳ ዓመት እድፍ ተገፈፈ፤
የጎማው፣ የቅጠሉ፣ የክረምቱ ጨው፣
ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ እዚያች ጋ ብቻ ነጭ ነው።
ከግራጫው መሀል፣ እንደ አዲስ ጥርስ የነጣ፣
ያው አልጋ፣ ከበፊቱ ጎልቶ ወጣ።

ምን ይደረግ? ግማሽ ንጹሕ ከሙሉ እድፍ ይብሳል፤
አንዴ ከጀመሩት ደጁ በሙሉ ይታጠባል።
ነዳሁት። ዐሥር ሰዓት አለፈ። ዐሥራ አንድ። እስከ መንገድ።
እጄ አልቆም ብሎኝም የዶሪንን ደጅ በአንድ ክንድ።
ዶሪን ወጥታ አየችው። «የኔን ለምን ነካህ?
አሁን ሌላው እድፍ መሰለ፤ ነገ ትጨርሳለህ!»

ቅዳሜ ሰውየው መጣ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣
ጋራዡ አፍ ላይ በጣቱ ክብ ሠራ፣ ቀስ ብሎ።
«እዚህ የዘይት ጠብታ ነበረች፣ የምታህል ሰሐን፤
የመጀመሪያዋ መኪናዬ…» አለና ተወው ቃሉን።
ይቅርታ ልለው ነበር፤ ለየቱ እንደሆን ጠፋኝ፤
ላመጣሁት ነው? ላጠፋሁት? ምላሴ ተያዘኝ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
የጋዜጣ ክምር፣ ቢጫ እስኪሆን የኖረ።
ደብዳቤ የለው፣ ስም የለው። ትርሲት ፈታችው ሣቃ።
አንዲት ጣሳ ተርፋ ነበር፣ ለአልጋው ውስጥ ጎን የምትበቃ።

አነጠፍኩ።
በድርቡ።